የማዳም አፍ ጠባቂ

ማዳም የፍሪጁን ቁልፍ እጄ ላይ ስታስቀምጥ፣ ፊቴን እንዳታነብብኝ ብዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጊዜው ጥቅምት 2009 ነው። ያ ፍሪጅ አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ከእኔ ሲቆለፍ የኖረ ፍሪጅ ነው። በሩ ላይ የጓጉንቸር ማንጠልጠያ በብሎን አስመትታ፣ ቁልፉን ከአንገቷ ወርቅ ጋር አንጠልጥላው ትዞር ነበር። አሁን በገዛ እጇ ከአንገቷ አውልቃ ሰጠችኝ።

«ብለምንሽም እንዳትከፍቺ» አለችኝ። «ባለቅስም፣ ብሰድብሽም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል ማዳም።»

«ሐኪሙ ፈቅዶልኛል ብዬ ብምልልሽም፣ ወላሂ እንዳታምኚኝ።»

«አላምንዎትም።»

ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ፈጠን ሳይል አልቀረም። እሷ ግን ልብ አላለችውም። የራሷ ጭንቀት በዝቶባት ነበር።

ሊሠራላት የታሰበው ቀዶ ሕክምና ጨጓራን ቆርጦ የሙዝ ያህል የሚያስቀር ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ደረጃ መውጣት ካቆመች ቆይታለች። እንቅልፍ ላይ ደግሞ ትንፋሿ ይቋረጣል፤ ሐኪሟ «በዚህ ከቀጠልሽ አንድ ቀን ሳትነቂ ትቀሪያለሽ» ብሎ አስደንግጧታል። ቀዶ ሕክምናው ቱርክ ነው። የቱርኩ ሐኪም ግን እንዲሁ አልተቀበላትም። በስድስት ሳምንት ውስጥ አስር ኪሎ ቀንሳ፣ ጉበቷ ላይ ያለው ስብ ቀሎ፣ በኋላ ዕድሜ ልኳን የምትበላውን አበላል ከወዲሁ ለምዳ ካልመጣች አልነካትም አለ። ባሏ ሞቷል፣ ልጆቿ ፈረንሳይ ናቸው። ቤት ውስጥ ያለነው እሷና እኔ ብቻ ነን። አፏን የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ዕጣው ጥሩ ሰው ላይ አልወደቀም።

ጅቡቲ የገባሁት በ1990 ነው። ከወሎ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ደግሞ በባቡር፤ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማዳም ቤት ሄሮን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ፈረንሳዮች የሠሩት፣ በረንዳው ወደ ባሕሩ የሚያይ ሰፊ ቤት። ማዳም ራሷ የድሬ ልጅ ናት። በልጅነቷ ጅቡቲ ገብታ፣ በፈረንሳይኛ ተምራ፣ ቢሮ ገብታ ትልቅ ሰው ሆነች፤ አማርኛዋ ግን የድሬ እንደሆነ ቀርቷል። በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። «ናያ!» ነው የምትለኝ፤ በሶማልኛ «አንቺ!» እንደማለት ነው።

ስስታም ናት እንዳልላት ለሰው እጇ ሰፊ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሩዙም ሥጋውም በትልቅ ትሪ ይቀርባል፤ «ብሉ፣ ምን ሆናችሁ!» እያለች ትቆጣለች። እኔ ጋ ሲደርስ ነው እጇ የሚያጥረው። የምበላው እነሱ ከተነሱ በኋላ ድስቱ ሥር የያዘውን ሩዝና የትናንት ባጌት ዳቦ ነው። ራበኝ ያልኩ እንደሆነ «አንቺን የሚርብሽ ሆድሽ አይደለም፣ ዓይንሽ ነው» ትለኛለች። አንድ ሁለቴ ብቻ ሞክሬ ራበኝ ማለትን ተውኩ።

በሦስተኛው ዓመቴ የሆነውን ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ አልተውኩትም። ረቡዕ ከሰዓት ነው። ጓደኞቿና ታላቅ እህቷ ሳሎኑን ሞልተውታል፤ የሥጋ ሳምቡሳ ጠብሼ አቅርቤያለሁ። ሁለተኛውን ሳህን ሳስገባ ማዳም አየት አደረገችና «ጎድሏል» አለች። ከዚያ «ናያ፣ ነይ እዚህ!» ብላ ሳሎኑ መሃል አቆመችኝ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። አገጬን ይዛ፣ ከንፈሬን በአውራ ጣቷ ገልብጣ ጥርሴን አየች፤ ቀረብ ብላም አሸተተችኝ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ያን ቀን የረቡዕ ጾሜን ይዤ ነበር፤ ሥጋ ቀርቶ ውሃም በአፌ አልዞረም። ሳምቡሳውን ያነሳችው የእህቷ ልጅ መሆኗ ወዲያው ታወቀ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። «ሂጂ፣ ሻዩን አምጪ» ተባልኩ፤ ሻዩን አመጣሁ።

ታዲያ ለምን አልወጣሽም የሚሉኝ አሉ። የመኖሪያ ወረቀቴ የሚታደሰው በእሷ ስም ነው፤ ያለ ወረቀት ከቤት የወጣች ደግሞ በአፈሳ ተይዛ ድንበር ትጣላለች። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ለመናገር አላፍርም። ቀን ሲጥላት ማየት ፈልጌ ነበር። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እኔ ደግሞ በየረቡዑ ጾሜን በያዝኩ ቁጥር ያ አውራ ጣት ከንፈሬ ላይ ይመጣል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባል አውቃለሁ። እንግዲህ የዚያን ሁሉ ዓመት ጸሎቴ ከንቱ ቀርቷል ማለት ነው። ቂሜ ግን ደህና አድርጎ ቆየልኝ።

የአመጋገብ ባለሙያዋ ቱኒዚያዊት ናት፤ ቆፍጣና፣ ዙሪያ ጥምጥም የማታውቅ ሴት። ፈረንሳይኛውን እኔም ከኩሽና ሆኜ በጆሮዬ ስለለቀምኩት የምትለው ሁሉ ይገባኛል። መጀመሪያ ቀን ክሊኒኳ ስንሄድ ማዳምን «ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ኑሮሽ የሚጀምረው ቱርክ አይደለም፣ ዛሬ ኩሽናሽ ውስጥ ነው» አለቻት። ከዚያ በሩ ሥር ወደቆምኩት ወደ እኔ ዞረች።

«የምታበስለው እሷ ናት?»

ማዳም በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«እንግዲያው ወንበር አምጡላት፤ የምናገረው ለእሷ ነው።»

ከማዳም ጎን ወንበር ላይ ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ደብተር ሰጡኝ። ሩዝ፣ ዳቦ፣ ስኳር፣ ጋዝ ያለው መጠጥ እስከ ጭራሹ ይቀራል። በቀን ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይበላል። እያንዳንዱ ጉርሻ ሠላሳ ጊዜ ይታኘካል። ከምግብ ጋር ውሃ አይጠጣም። አንድ ማዕድ ከሃያ ደቂቃ ባነሰ አያልቅም፤ እየበሉ ማውራትም ቴሌቪዥን ማየትም ክልክል ነው፣ ሆድ መሙላቱን የምታውቀው ዝም ብላ ስታዳምጠው ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ያን ደብተር ግን እንደ ዳዊት ሸመደድኩት።

በማግስቱ ካርቲየ 6 ገበያ ወርጄ ትንንሽ ሳህን ገዛሁ። ነጭ፣ ለአዋቂ የሚሆን ትንሽ ሳህን ነበር፤ አይቼዋለሁ። እኔ ግን ጥንቸል የተሳለበትን የሕፃን ሳህንና የጡት ልጅ ማንኪያ መረጥኩ። ምሳ ላይ ዓሣ ቀቅዬ፣ ሁለት ጣት የማትሞላ ቁራሽ ከጎኗ ዝኩኒ አድርጌ ፊቷ ሳስቀምጥ ማዳም ጥንቸሉን ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሌላ ሳህን የለም?»

«ባለሙያዋ ትንሽ ይሁን ብላለች ማዳም።»

አጠገቧ ቆሜ የምታኝከውን ጮክ ብዬ እቆጥርላት ጀመር። አስራ አምስት ላይ ልትውጥ ስትል «ገና ግማሽ ነው» እላታለሁ፤ ቢሮ ሙሉ ሰው የሚፈራት ሴት አንገቷን ደፍታ ታኝካለች። በሦስተኛው ቀን «አቦ፣ አንዲት ጉርሻ ሩዝ! አንዲት ብቻ!» ብላ ለመነችኝ። «ማዳም፣ የራበዎት ሆድዎ አይደለም፣ ዓይንዎ ነው» አልኳት። የራሷን ቃል ታውቀው እንደሆነ ብዬ ፊቷን አየሁ። ፊቷ ላይ ከረሃብ በቀር ምንም አልነበረም።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ደግሞ የየመኖችን ዓሣ አስመጣለሁ፤ ለሁለት ተሰንጥቆ እሳት ላይ የተጋገረውን፣ ከትኩስ ቂጣውና በሙዝና በማር ከሚታሸው ሙክባዛ ጋር። በረንዳው ላይ፣ ከመኝታ ቤቷ መስኮት ሥር ቁጭ ብዬ በእጄ እበላለሁ። በዚያ ቤት ትኩስ ምግብ ቁጭ ብሎ መብላት ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?» ትላለች ከውስጥ።

«ዓሣዬ ነው ማዳም።»

እኔ አጥንቱን ሳይቀር እመጠምጣለሁ። ባለጌ ነሽ የሚለኝ ካለ፣ አዎ ነበርኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ ስትወጣ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ባለሙያዋ እኔን አየች። እኔ የማበስለውን አውቃለሁ፤ እንግዲያው ከቤት ውጭ የሆነ ነገር አለ። ያን ቀን ከሰዓት የእጅ ቦርሳዋን ስከፍት የብስኩት ወረቀትና የባጌት ፍርፋሪ አገኘሁ፤ ከቢሮ ስትወጣ ጥግ ላይ ዳቦ ከሚሸጡት ሴቶች እየገዛች ታክሲ ውስጥ ትበላ ኖሯል። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ። አልጮህኩባትም። የሚቀጥለው ቀጠሮ እስኪደርስ ጠብቄ፣ ወረቀቱን ባለሙያዋ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በፈረንሳይኛ አስረዳሁ። «በመጨረሻው ሚዛን አስር ኪሎው ካልሞላ ለቱርክ ደብዳቤውን አልጽፍም» አለቻት ባለሙያዋ። ስንመለስ ማዳም ታክሲው ውስጥ አለቀሰች። እኔ በመስኮት የወደቡን ክሬኖች እያየሁ ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሐሳብ ይመላለስብኝ ጀመር። ቁልፉ እጄ ላይ ነው። ሾርባዋ ውስጥ ቅቤ ባቀልጥበት፣ በአትክልቱ ሥር ሩዝ ብደብቅላት፣ ስትለምነኝ አንዴ «እሺ» ብላት ማን ያውቃል? ሚዛኑ አልወርድ ይላል፣ ቱርክ ይቀራል፣ እሷም አንድ ቀን ሳትነቃ ትቀራለች። ሐሳቡን አላባረርኩትም፤ ቀናት አብሬው ዋልኩ። የተውኩት አዝኜላት አይደለም። ከሞተች ምን ይተርፈኛል? በሕይወት ቆይታ፣ ተርባ፣ እኔን እያየችኝ ነበር የምፈልጋት። ስለዚህ ደብተሩን ይዤ ቀጠልኩ፤ እንደ እኔ ያለ ጠባቂ ማንም አላገኘም።

ልትበር አራት ቀን ሲቀራት ታላቅ እህቷ በግ አስነድታ መጣች። «ዱዓ ሳይደረግላት፣ ሳይታረድላት እንዴት ቢላዋ ሥር ትገባለች?» አለች። ሰው መንገድ ሲወጣ ወይም ሲታመም ታርዶ፣ ጎረቤትና ዘመድ ተጠርቶ፣ ተመርቆና ተጎራርሶ ነው የሚሸኘው፤ ልማዱ ነው። ሆዷ እንዲቀነስ የምትሄደውን ሴት ሆዷን ሞልተው ሊሸኟት መሆኑ ለአንዳቸውም አልታያቸውም። የመጨረሻው ሚዛን በማግስቱ ጠዋት ነው። ግማሽ ኪሎ ይቀራታል።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሞላ። እነዚያው ሴቶች ናቸው፤ አርጅተዋል፣ ወፍረዋል፣ ግን እነዚያው ናቸው። ዱዓው ተደረገ፤ አሚን ተባለ። ትልቁ ትሪ መሃል ላይ ተቀመጠ። ለማዳም ለብቻዋ ያዘጋጀሁትን እርጎ ከፊቷ አስቀምጬ ሻይ ላመጣ ስወጣ፣ እህቷ ላቱን ከሩዙ ጋር ጠቅልላ እጇን ዘረጋች።

«ቢስሚላህ በዪ። የዱዓ ጉርሻ አይመለስም።»

ማዳም እህቷን አየች፣ ሴቶቹን አየች። በር ላይ የቆምኩትን እኔን አየችኝና ጎረሰች። ጉንጯ ተነፋ።

የያዝኩትን ባዶ የሻይ ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጥኩ። ሳሎኑን አቋርጬ ፊቷ ቆምኩና መዳፌን ከአገጯ ሥር ዘረጋሁ።

«ማዳም፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

«ምን አለች ይህቺ?» አለች እህቷ። «የዱዓ ምግብ ነው፣ አቦ! አንቺ የቤት ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ?»

የማዳምን አገጭ ያዝኩ። ሥጋው አፏ ውስጥ እያለ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ላቱ ጣፍጧት ይሁን አፍራ አላወቅኩም። ከዚያ አፏን ከፍታ መዳፌ ላይ ተፋችው። ከንፈሯን በአውራ ጣቴ ገለበጥኩና ጥርሷን ዙሪያውን አየሁ። አልቸኮልኩም።

«የቀረ የለም» አልኩ ለሴቶቹ፤ «ሻዩን ላምጣ።»

ማንም አልሳቀም። ሳቁ ብቻ ጎደለኝ እንጂ ሌላው ሁሉ ልክ ነበር። ኩሽና ገብቼ እጄን ስታጠብ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ እንደዚያ ቀን ውሃ ቀዝቅዞኝ አያውቅም።

እንግዶቹ ሲወጡ ታባርረኛለች ብዬ ልብሴን መሸከፍ ጀመርኩ። እሷ ግን በዚያ ጉልበቷ ግድግዳ እየተደገፈች ኩሽናዬ ድረስ መጣች። እጄን ይዛ ሳመችው።

«እህቴ በጉርሻ ገድላኝ ነበር። አንቺ አዳንሽኝ» አለች። «ነፍሴን አተረፍሽ።»

እጄን ነጠቅኳት።

«ላድንዎት ብዬ አይደለም ያደረግኩት» አልኩና ነገርኳት፤ ረቡዑን፣ ሳምቡሳውን፣ አውራ ጣቷን፣ የሴቶቹን ሳቅ። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

«እኔ? ወላሂ አላስታውስም።»

አስራ ስድስት ዓመት የተሸከምኩትን አውጥቼ ብወረውርባት ጎኗን አልፎ መሬት ወደቀ። ያን ያህል የተናደድኩበት ቀን የለም፤ የከንፈሬ ቀን እንኳ ከዚያ ይሻላል።

በማግስቱ ሚዛኑ ሞላ፤ ደብዳቤውም ተጻፈ። አየር ማረፊያ ልትሄድ ስትል ከመኪናው ሆና «ስመለስ ትኖሪያለሽ አይደል?» አለችኝ። የተሸከፈ ልብሴ አልጋዬ ሥር ነበር። «እኖራለሁ» አልኳት። ያን ጊዜ የታየኝ ደብተሩ ነው። በቀን ስድስት ጊዜ፣ በየማዕዱ ሃያ ደቂቃ፣ አፏን ዘግታ ቁጭ ማለት ግዴታዋ ነው። አታስታውስም? እንድታስታውስ አደርጋታለሁ።

ጥር ላይ ተመለሰች። ቀጭን አልሆነችም ገና፤ ቆዳዋ ግን ላልቷል፣ ድምፅዋም ዝቅ ብሏል። መጀመሪያ የተጣራ ሾርባ፣ ቀጥሎ የተፈጨ ምስር። አንድ የሻይ ማንኪያ ለመዋጥ ፊቷ ላብ ይላል። ወንበር ስቤ ማዕዱ ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ፤ ማንም አምጡላት እስኪል አልጠበቅኩም። እሷ ስታኝክ እኔ አወራለሁ። ከባቡሩ ጀመርኩ። ጓጉንቸሩን፣ ድስቱ ሥር የያዘውን ሩዝ፣ «ናያ» የሚለውን ጥሪ፣ ወባ ይዞኝ ስተኛ በሩን ከፍታ «እራት ማን ሊሠራ ነው?» ያለችኝን ቀን። የቀኑን በቀኑ፣ የዓመቱን በዓመቱ። መነሳት አትችልም፣ መናገር አትችልም። ታኝካለች፣ ትሰማለች። አንዳንዴ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ «ጨርሰው ይዋጡ» እላትና እቀጥላለሁ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። አንድ ምሳ ላይ የሳምቡሳውን ቀን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ እየነገርኳት፣ ሻዩን አመጣሁ የሚለው ላይ ደርሼ ዝም አልኩ። ታሪኩ እዚያ ነው የሚያልቀው። ማዳም አፏ ውስጥ ያለውን ዋጠች። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ከዚያ ኩሽና ገብተሽ አለቀስሽ» አለች።

ስለ ልቅሶው ነግሬያት አላውቅም። ለእናቴም ነግሬ አላውቅም።

«ድምፅሽ ሳሎን ድረስ ይሰማ ነበር» አለች አንገቷን ደፍታ። «እንግዶቹ እንዳይሰሙ ብዬ ተነስቼ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩት።»

«አላስታውስም ብለውኝ አልነበር?»

«እንዴት ብዬ አስታውሳለሁ ልበልሽ፣ አቦ?»

እንድታስታውስ ፈልጌ ነበር፤ ይኸው አንድ ቀንም ሳትረሳው ኖራለች። ከማዕዱ ገና ሦስት ማንኪያ ይቀራታል። በወሬው መሃል ምስሩ ቀዝቅዞ ላዩ ቆዳ አውጥቷል፤ ቀዝቃዛ ምግብ ደግሞ ሆዷን እንደሚቆርጣት ሁለታችንም እናውቃለን። አሙቂልኝ ልትል አፏን ከፈት አደረገችና አፍራ ተወችው። እኔም አላሞቅኩላትም።